ሦስት መቶ ሰማንያ ስምንት ቃል

መጽሐፍ በሚታተምበት ቤት ሁሉ አንድ ቆጣሪ አይጠፋም። ታሪኩ አስለቀሰ አሳቀ፣ እሱ ግድ የለውም፤ ስንት ቃል እንደሆነ ብቻ ይነገረው።

የእኛ አሳታሚ ቤት ቆጣሪ፣ ክቡር ሊቀ ቆጣሪ፣ ሕጋቸውን ከጠረጴዛቸው መስታወት ሥር አኑረዋል፤ እስከ ሰባት ሺህ አምስት መቶ ቃል አጭር ልቦለድ፣ ከዚያ በላይ ኖቬላ፣ አርባ ሺህ ከሞላ ረጅም ልቦለድ። "ቃል ይቆጠራል እንጂ አይገመትም" ይላሉ፣ በቀን አሥር ጊዜ። ኮምፒውተር አያምኑም። በየመቶኛው ቃል ላይ የእርሳስ ነጥብ እየጣሉ በከንፈራቸው ይቆጥራሉ፤ መሀል ላይ "እንደምን አደሩ" ያላቸው ሰው ወዮለት፣ ምዕራፉን እንደገና ከራሱ ይጀምሩታል። አንድ ሐኪም ስምንት ሺህ ቃል ይዞ መጥቶ "አጭር ልቦለድ ነው" ቢላቸው አምስት መቶውን አስቆረጡት። የባለታሪኩ አማት ከነሻንጣዋ ወጣች።

እኔም ስድስት ዓመት የለፋሁበትን ረቂቅ ይዤ ሄድኩ። ላሳደገችኝ እህቴ "ረጅም ልቦለድ ጽፌልሻለሁ" ብያታለሁ፤ እሷም ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች።

"ሠላሳ ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት" አሉኝ። "ኖቬላ ነው።"

"ጋሼ፣ የጎደለው እኮ ሦስት መቶ ሰማንያ ስምንት ቃል ነው።"

"ጎደለ ያልከው አንተ ነህ።"

ደሜ ፈላ። ቤቴ ገብቼ ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ አራት መቶ ቃል ሙሉ ዝናብ አዘነብኩ። ይቁጠሩ እንግዲህ ብዬ መለስኩላቸው።

በሦስተኛው ሳምንት አስጠሩኝ። "አርባ ሺህ አሥራ ሁለት። ረጅም ልቦለድ ነው፤ ሕግ ሕግ ነው።" ደስታዬን ሳልጨርስ እርሳሳቸውን ዝናቡ ላይ አሳረፉ። "ግን ልጄ፣ እዚሁ ምዕራፍ ላይ ልጅቷ ጠዋት ያሰጣችውን ልብስ ማታ ደርቆ ነው ያነሳችው። ይሄ ሁሉ ዝናብ የት ገባ?"

ዝናብ ያለበትን ረቂቅ እህቴ አንብባዋለች፣ ሁለት ጓደኞቼ "አንብበነዋል" ብለዋል፣ አርታኢው አመስግኖኛል። ልብሱን ያየ ግን አንድም ሰው የለም። እያረርኩ ዝናቡን አወጣሁት። ሽፋኑ ላይ "ኖቬላ" ተብሎ ታተመ፤ እህቴ እስከ ዛሬ የበሽታ ስም ይመስላታል።

ንዴቴ አልበረደም። ሁለተኛውን መጽሐፍ እየጻፍኩ ሳለሁ ሊቀ ቆጣሪ ጡረታ ሊወጡ ነው፣ በቦታቸው ኮምፒውተር ይቆጥራል ሲባል ሰማሁ። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቼ ጠረጴዛ ደበደብኩ።

"አንተ አይደለህ እንዴ ስታማቸው የኖርከው?" አለኝ።

"ነኝ" አልኩት። "ታዲያ አሁን እኔን ማን ሊያነበኝ ነው?"