ነብሩን አስመልክቶ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ታሪክ ሊመዘግባቸው የሚገቡ ስብሰባዎች ጥቂት ናቸው። ከጥቂቶቹ አንዱ ባለፈው ወር፣ እሑድ ከምሳ በኋላ፣ በእኛ ቤት ሳሎን ተካሄደ። ታሪክ በዚያ ሰዓት ሌላ ቦታ ሥራ ይዞ ስለነበር አልተገኘም፤ ግድ የለም፣ እኔ ተገኝቻለሁ።

አጀንዳው አንድ ነበር፤ ነብሩ። ነብሩ መኪናዬ ነው። ቀይ፣ ባለሁለት በር፣ በጉብዝናው ዘመን ከቆመበት ተነሥቶ በስድስት ሰከንድ መቶ የሚገባ። እኔ ሳወራው በአራት ሰከንድ ነው፤ ሰው በዛ ካለ በሦስት። ቆጣሪው አራት መቶ አሥራ ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር ያሳያል። በዚህ ርቀት ሰው ጨረቃ ደርሶ የመልሱን መንገድ ይጀምራል። ነብሩም የጀመረ ይመስለኛል፤ መንገድ ላይ ዘይት አነሰው እንጂ። ላለፉት ስምንት ወራት ከጋራዡ ወጥቶ አያውቅም። ቁልፉን ሳዞርለት ያስነጥሳል፣ ሰማያዊ ጭስ ይተፋል፣ ከዚያ በክብር ይተኛል። ታላላቆች ሁሉ እንዲህ ናቸው።

ታላቅ ደግሞ ባላጋራ አያጣም፤ የነብሩ ባላጋራ ባለቤቴ ናት። ልብስ ሰፊ ናት። ነብሩ ጋራዡን ለብቻው ተንጣልሎበት ሲኖር፣ የእሷ ሁለት የስፌት መኪናዎችና የመቁረጫ ጠረጴዛ መኝታ ቤታችን ውስጥ ናቸው። ሦስት ወር ሙሉ መርፌ ላይ ተኝቻለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ አላማረርኩም። ነብሩን ዝናብ እንዳይነካው መሥዋዕት የሚከፍል ሰው ያስፈልጋል። በዚህ መሐል አንድ ትምህርት ቤት የሁለት መቶ ተማሪ ዩኒፎርም እሷ ጋ ሊያሰፋ አሰበ። ርእሰ መምህርቷ ግን «አልጋ ሥር የተሰፋ ልብስ ልጆቼን አላለብስም፤ ቅዳሜ መጥቼ የሥራ ቦታሽን አያለሁ፤ ከሌለሽ ለሌላ እሰጣለሁ» ብለዋታል። ይህን ባለቤቴ ሦስት ጊዜ ነግራኛለች። ሦስቱንም ጊዜ ስለ ነብሩ እያሰብኩ በጥሞና አዳመጥኳት።

እንግዲህ ጉባኤው ተጠራ። የተገኙት ባለቤቴ፣ ታናሽ ወንድሟና መካኒኩ ናቸው። ወንድሟን ሰፈሩ «ቱርቦ» ይለዋል፤ ሲናገር ትንፋሽ አይወስድም። እኔ ሰብሳቢም ጸሐፊም ነበርኩ። ይህ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በመሥሪያ ቤታችን ሃያ ሁለት ዓመት ቃለ ጉባኤ ይዣለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን ከያዝኳቸው ውሳኔዎች አንዱም ከወረቀት ወርዶ ሰው ጎድቶ አያውቅም።

ተነሥቼ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «የተከበራችሁ የቤተሰቡ አባላት፣ ክቡር መካኒክ! ዛሬ በፊታችን ሦስት መንገዶች ተደቅነዋል። ነብሩን ማሻሻል፣ ማደስ፣ አልያም...» ድምፄ ተንቀጠቀጠ፣ «...መሸጥ።»

«እጅጌህ ሳህን ውስጥ ገብቷል» አለች ባለቤቴ።

ቱርቦ ቀደመ። «ጋሼ፣ ማሻሻል ነው እንጂ! ከኋላ ክንፍ፣ ከሥር ወፈር ያለ የጭስ ማውጫ፣ የኋላ ወንበሩን ነቅለን ክብደት መቀነስ! ከዚያ በኋላ ሲያልፍ የሰፈሩ መስኮት ነው የሚረግፈው!»

«መጀመሪያ ይለፍ» አለች እህቱ።

መካኒኩ ቃል እንደ ውድ ዘይት የሚቆጥብ ሰው ነው። ቀና ሳይል፣ «ይወርዳል» አለ።

«ምኑ?»

«ሞተሩ።»

«ሳትከፍተው እንዴት አወቅህ?»

«ብከፍተውም ይወርዳል፣ ጌታው።»

ይህ ሰው ሞተር ሳያወርድ የጠገነው ነገር የለም። አንድ ጊዜ የፊት መብራት አምፖል ሊቀይር መጥቶ አውርዶታል። ጥልቀት ማለት ይህ ነው።

«አንቺስ?» አልኳት ባለቤቴን።

«ይሸጥ።»

«ለማን?»

«መጀመሪያ ላየው ሰው። ሳያየው ለሚወስድ ደግሞ መርቄ እሸኘዋለሁ።»

ሦስት ሰው፣ ሦስት ሐሳብ። ያነሰ ሰው ቢሆን ግራ ይገባው ነበር። እኔ ግን ማንንም እንዳላስቀይም ሦስቱንም በመርህ ደረጃ አጸደቅኩ፤ ለእያንዳንዱም ፈጻሚ አካል መደብኩ። ማሻሻሉ ለቱርቦ፣ ማደሱ ለመካኒኩ፣ መሸጡ ለባለቤቴ። በመሥሪያ ቤታችን አንድ ነገር ፈጽሞ እንዳይነካ ሲፈለግ የሚደረገው ይኸው ነው፤ ለሦስት ሰው ይሰጣል። ነብሩ እስከ ዘለዓለም ሰላም አገኘ አልኩ በልቤ።

ወረቀቱን ልፈርም ስል ባለቤቴ፣ «አንዲት ነገር ጻፍልኝ» አለች።

«ተናገሪ፣ ጉባኤው ይሰማል።»

«መኪናው ከጋራዡ የወጣ ቀን ጋራዡ የኔ ነው።»

ሳቄ መጣ። ስምንት ወር ያልወጣ መኪና! በለጋስነት፣ በሚያምር ቋንቋ ጻፍኩላት፤ «ተሽከርካሪው በራሱም ሆነ በሌላ ኃይል ከማደሪያው በወጣ ሰዓት፣ ማደሪያው ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ለወይዘሮዋ ይተላለፋል።» «ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ» የሚለውን እኔ ነኝ የጨመርኩት፤ ለድምቀት። የቢሮዬ ማኅተም በቦርሳዬ ነበርና እሱንም አሳረፍኩበት።

አንድ ነገር ብቻ ዘንግቻለሁ። እነዚህ ሰዎች መሥሪያ ቤት ሠርተው አያውቁም፤ የተጻፈ ነገር የሚፈጸም ይመስላቸዋል።

ሰኞ ከሥራ ስመለስ ኮፈኑን ከፈትኩ። ባዶ። መካኒኩ ጋ ደወልኩ።

«ሞተሬስ?»

«ወረደ።»

«መቼ ነው የሚመለሰው?»

«እሱን ቃለ ጉባኤው አይልም» ብሎ ዘጋው።

ረቡዕ ቱርቦ ፈጸመ። ነብሩ ከኋላው ሁለት ሰው የሚያስተኛ ክንፍ በቀለበት። የኋላ ወንበሩ ተነቅሎ የጋራዡን ግድግዳ ተደግፏል። ክንፉ ከወንበሩ በእጥፍ ይከብዳል፤ ግን ሳይንስ ነው፣ አልተከራከርኩም።

«ጋሼ፣ አሁን በሁለት መቶ ብትነዳው እንኳ ከመሬት አይነሣም!»

«ቱርቦ፣ ሞተር እኮ የለውም።»

«እሱ የመካኒኩ ዘርፍ ነው፣ ጋሼ። እኔ በሰው ሥራ አልገባም።»

እነሆ፣ ከሰው ልጆች ሁሉ እኔ ብቻ በአንድ ጊዜ የተሻሻለ፣ የሚታደስና የሚሸጥ መኪና ባለቤት ሆንኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ ሮጣ ገባች። «ተነሥ! አንዲት ትልቅ ሴትዮ ሊያዩ መጥተዋል። እስቲ በነብሩ ዞር ዞር አድርጋቸው።»

ምን ሊያዩ እንደመጡ አልጠየቅኩም። ነብሩ ባለበት ቤት ሌላ ምን ይታያል?

«ሞተር የለውም እኮ!» አልኩ በሹክሹክታ።

«ቁልቁለት አለ አይደል? አንተ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት ሞተር የሌለው መሥሪያ ቤት ውስጥ ተቀምጠህ ስትሄድ ኖረሃል። ምን አዲስ ነገር አለው?»

እውነቷን ነው፤ ልምድ አለኝ። ኮቴን ለበስኩ። ሴትዮዋ መነጽር ያደረጉ፣ ቀጥ ያሉ፣ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ በሁለት እጅ የሚይዙ ናቸው። የነብሩን በር ከፍቼ አስገባኋቸው። ቱርቦ ከኋላ ገፋ፤ ለካ ያን ስም ያወጡለት ለዚህ ቀን ነው! ባለቤቴም ትከሻዋን ሰጥታ ገፋች። በአሥራ ስድስት ዓመት ትዳር ለነብሩ እንዲህ ስትደክም አይቻት አላውቅም። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

«ለምንድን ነው የሚገፉት?» አሉ ሴትዮዋ።

«የክብር ሽኝት ነው፣ እመቤቴ።»

ከበሩ ወጣን፤ መንገዱ ወደ ታች ሳበን። ነብሩ ስምንት ወር የናፈቀውን ነፋስ አገኘ።

«የሞተሩ ድምፅ አይሰማኝም» አሉ።

«ጥራት ነው።»

«ጭስም የለውም።»

«ንጽሕና ነው።»

«የሙቀቱ መርፌም የነዳጁም መርፌ ዜሮ ላይ ነው።»

«ትሕትና ነው፣ እመቤቴ።»

ፍሬን ያለ ሞተር ድንጋይ እንደሚሆን፣ መሪም እንደዚያው፣ በዚያች ቅጽበት ተማርኩ። በሁለት እግሬ ቆምኩበት፤ የእጁን ፍሬን እንደ ውኃ ባልዲ ሳብኩት። ቁልቁለቱ ሲያልቅ ነብሩ የሕንፃ ሠራተኞች የቆለሉት አሸዋ ላይ አፍንጫውን በቀስታ አሳረፈ።

«እሺ» አሉ ሴትዮዋ፣ «አሁን ወደ ላይ።»

«በመርህ ደረጃ...»

ወረዱ። ኮፈኑን አስከፈቱኝ። አጎንብሰው ብዙ አዩ።

«የማየው አስፋልት ነው።»

«አዎ፣ እመቤቴ። እይታው ሰፊ ነው።»

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። ያን አስተያየት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ሳላስበው እጄን ከኪሴ አወጣሁ። «ሠላሳ ዓመት ርእሰ መምህርት ነኝ» አሉ። «‹ደብተሬን ረሳሁ› የሚል ሰምቻለሁ። ሞተሩን ረስቶ የመጣ ግን አንተ የመጀመሪያዬ ነህ።»

«ርእሰ... መምህርት?»

«ዩኒፎርሙ የሚሰፋበትን ቦታ ለማየት ነው እንጂ የመጣሁት መች መኪና ፈለግሁ! ባለቤትህ ‹ጥቂት የምናስተካክለው አለ፣ እስከዚያ ሰፈሩን ያሳይዎት› አለችኝ። በል፣ ቦርሳዬን ያዝና ምራኝ።»

ዳገቱን ሃያ አምስት ደቂቃ ወጣነው። እሳቸው አንድ ጊዜ አረፉ፤ እኔ ሰባት።

ጋራዡ ተጠርጎ፣ ወለሉ ታጥቦ ጠበቀን። ሁለቱ የስፌት መኪናዎች መስኮቱ ሥር ይንጫጫሉ፤ አንዷ ላይ ባለቤቴ፣ አንዷ ላይ ጎረቤታችን። የመቁረጫው ጠረጴዛ መሐል ላይ ተዘርግቷል። ቱርቦ በላብ ተጠምቆ በካውያ ይተኩሳል። የነብሩ የኋላ ወንበር ንጹሕ ጨርቅ ለብሶ «የደንበኞች መቀመጫ» ሆኗል። ርእሰ መምህርቷ ተቀመጡበት፤ ደገፍ አሉ።

«ሰፊ ነው። ብርሃንም አለው። ወንበሩ ደግሞ ይመቻል» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ጠቁመው፣ «ይሄስ ምን ይሠራል?»

«እስካሁን ምንም» አለች ባለቤቴ፤ «ከዛሬ ጀምሮ ቁልፍ ይተክላል።»

ልቃወም አፌን ስከፍት አንድ ወረቀት ዘረጋችልኝ። የእጅ ጽሑፌ፣ የእኔ ፊርማ፣ የእኔ ማኅተም። «በራሱም ሆነ በሌላ ኃይል»፤ ትከሻዋን እያሸች ይህን በጣቷ አሳየችኝ። «ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ»፤ እሱንም አሳየችኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ከጻፍኩት ሁሉ የተፈጸመ ይህ ብቻ ነው፤ እንደ ጸሐፊ ልኮራ ይገባኛል፤ ኮርቻለሁም።

ሥራው ለባለቤቴ ተሰጠ። የነብሩ ጉዳይ አሁንም በጥናት ላይ ነው። እሱ ራሱ አሸዋው ጋ ነው። ሞተሩ አዲስ ሆኖ ሲመለስ የሚገባበት መኪና በአቅራቢያው ስላልተገኘ፣ የስፌት መኪናዎቹ ወጥተው ባዶ የቀረው መኝታ ቤታችን ገብቷል፤ እኔም ከመርፌ ተገላግዬ ከፒስተን ጋር እተኛለሁ። ክንፉን ቱርቦ ነቅሎ ለእህቱ ሰጥቷታል፤ አርባ ቀሚስ ይሰቀልበታል።

እኔን ግን ማንም ወድቋል እንዳይለኝ። ትናንት የኋላ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ከዜሮ እስከ መቶ ቁልፍ በሁለት ሰዓት ገባሁ። ሰው በዛ ካለ አንድ ሰዓት እላለሁ። ጨርሼ ደረቴን ነፍቼ ለባለቤቴ አቀረብኩላት። አንዱን ሸሚዝ አነሣች፣ ወደ ብርሃኑ ያዘችው፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ሳበች፤ ከዚያ ቀና ሳትል እንዲህ አለች፦

«ይወርዳል።»