«ጫጫ ደርሻለሁ» በተባልኩበት ቀን የከሰመው ኮከብ

ሰው ሁሉ የሚዋሽበት አንድ ከተማ አለው። የእኛ የደብረ ብርሃኖቹ ጫጫ ናት። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ዘመድህ ደውለህ የት ደረስክ ብትለው፣ «ጫጫ ደርሻለሁ» ይልሃል፤ ሃያ ደቂቃ ቀረኝ ማለቱ ነው። ከጀርባው ግን የመገናኛ ታክሲ ረዳት «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ ይጣራል። ምስኪን ጫጫ፣ እህል ከማምረት በቀር ምን በደለች? ይህን ውሸት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ያመንኩት አንድ ቀን ብቻ ነው። ያ ቀን ይኸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ፊዚክስ ተምሬ፣ ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ነበር። አንኮበር ጋራ ላይ የተተከለች ትንሽ ቴሌስኮፕ ያነሳችውን ፎቶ ጠዋት ጠዋት ደብረ ብርሃን ቢሮዬ ተቀምጬ እመረምራለሁ። ሥራው የትናንቱን ሰማይ ከአምናው ጋር ማስተያየት ነው። አንኮበርን ለሚያውቅ፣ ግማሹ ፎቶ ጉም ነው። አንድ ጠዋት ግን አንድ ነጥብ አየሁ። አምና የለም፤ ትናንት አለ። በመጀመሪያው ፎቶ ደማቅ ነው፤ በየፎቶው እየደበዘዘ ሄዶ በመጨረሻው ጭላንጭል ብቻ ቀረ። እንዲህ ያለው ብርሃን ሩቅ ያለ ኮከብ ፈንድቶ የሚልከው መርዶ ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ይከስማል። ምንነቱ የሚታወቀው ትልልቆቹ ቴሌስኮፖች ቶሎ ከዞሩበት ነው። አገኘ የሚባለውም ቀድሞ ለዓለም ያሳወቀው ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ግኝት ለሚመዘግበው ዓለም አቀፍ ማዕከል የሚላክ አምስት መስመር ኢሜይል ነበር።

አምስቱን መስመር ጻፍኩ። ነገር ግን ከእኛ ቤት ያለ ኃላፊ ፊርማ እንኳን ወደ ውጭ አገር፣ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ወዳለው ጠባሴ ሰፈርም የሚወጣ ደብዳቤ የለም። ኃላፊያችን ደግሞ አዲስ አበባ ስብሰባ ሄደዋል። ጸሐፊያቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጭንቀቴን አይተው፣ «ምነው መምህር፣ ኮከብ እንደሁ የትም አይሄድ!» አሉኝ። እሱ ግን እየሄደ ነበር።

ደወልኩላቸው። «ጫጫ ደርሻለሁ፣ መጣሁ» አሉኝ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ስደውል ጫጫ ናቸው። ዘጠኝ ሰዓት ላይም ጫጫ ናቸው። ሰው ጫጫ ላይ አምስት ሰዓት ምን ይሠራል? ቦታ ተመርተው ቤት እያሠሩ ይሆን? እባክዎ በስልክ ይፍቀዱልኝ፣ እየጠፋ ነው ብላቸው፣ «ወንድሜ ተረጋጋ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለው መከሩኝ። እንቁላልማ ጊዜ አለው።

ለምን ዝም ብለህ አልላክኸውም የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ሚስቴም እስከ ዛሬ ትጠይቀኛለች። ምን ልበል? የተማርኩ ሰው ነኛ! አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የተማርኩት እጄን አውጥቼ ካልተፈቀደልኝ እንዳልናገር ነው።

በማግስቱ መጡ። ደብዳቤዬ ላይ «ታየ» የሚለውን «መታየቱ ተረጋግጧል» አስብለው ፈረሙ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ ላክነው። መልሱ ወዲያው መጣ፤ ጨዋ መልስ ነው። ስለ ጥቆማችሁ እናመሰግናለን፤ ብርሃኑን አንድ ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ከጓሯቸው ሆነው አግኝተው ትናንት አሳውቀውናል፤ አሁን ከስሟል ይላል። ያሳወቁበትን ሰዓት ወደ እኛ ብመልሰው ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ኃላፊያችን ለሦስተኛ ጊዜ ጫጫ የነበሩበት። የጥርስ ሐኪሙስ ማንን አስፈቀዱ? ቢበዛ ሚስታቸውን። ግኝቱ በስማቸው ተመዘገበ።

እኛም ዘንድ ዕድሉ ለምን አመለጠ ተብሎ ግምገማ ተቀመጠ። ሰብሳቢው ኃላፊያችን ነበሩ፤ ጥፋቱ ወዲያው ተገኘ። ከሳምንት በኋላ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ዓይኔን ሳያዩ አንድ ፖስታ ሰጡኝ። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው። ወደፊት መሰል ኮከብ ሲያጋጥም፣ ከመታየቱ ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀናት አስቀድሜ በጽሑፍ እንዳሳውቅ ያዛል።

ፈርሜ ተቀበልኩ።