ካገባ ያገባል

እኛ ሀበሾች ሁለት ነገር ጎን ለጎን ካየን ሳናበላልጥ አናድርም። መንታ የወለደች ሴት ልንጠይቅ ሄደን እንኳ «ይኼኛው ግን ነቃ ያለ አይመስልም?» እንላለን፤ እናትየው እየሰማች። እዚህ ቴክሳስ ዳላስ ያለው ሰው ጎረቤት ከተማ ፎርት ዎርዝ ያለውን «ገጠር ነው የሚኖረው» ይለዋል። ፎርት ዎርዝ ያለው ደግሞ ዳላስ ያለውን «ትራፊክ ላይ ነው የሚኖረው» ይላል። አርሊንግተን ያለው መሃል ላይ ስለሆነ ሁለቱንም ይንቃል። ከዚህ በሽታ ነጻ ነኝ አልልም፤ እናንተም አትሉም። ቢሆንም የካናዳን ፉትቦል ከአሜሪካ ፉትቦል ጋር አስተያይቼ፣ ያውም ካናዳ ትበልጣለች ብዬ፣ ያውም ቴክሳስ ውስጥ፣ ያውም ሽማግሌ ሆኜ ተልኬ እከራከራለሁ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ናሆም የሚባል የጎረቤቴ ልጅ አለ። ዳላስ ውስጥ ቪከሪ ሜዶ የሚባለው ሰፈር አፓርትመንቶች መሃል ሲያድግ በኳስ አበደ፤ ኳስ ስል የእኛን ኳስ ነው፣ በእግር የሚመታውን። ሃይስኩል ሲገባ አንድ አሠልጣኝ ሲለጋ አየውና ወደ አሜሪካኖቹ ኳስ ወሰደው። አሜሪካኖች ፉትቦል የሚሉት እንደምታውቁት በእጅ ታቅፈው የሚሮጡበትን ነው። እግር የሚያስፈልጋቸው ከስንት አንዴ ስለሆነ ለዚያ ብቻ አንድ ሰው ይይዛሉ። ናሆም ያ አንድ ሰው ነው። ይጠራል፣ ይገባል፣ ይመታል፣ ይወጣል። ማሊያው ሳይቆሽሽ ጨዋታው ያልቃል። እዚህ ሞክሮ ሞክሮ ቦታ ሲያጣ የካናዳው ሊግ ወሰደው፤ ክረምቱን እዚያ ይጫወትና ብርዱ ሲመጣ ዳላስ እናቱ ጋ ይመለሳል።

ታዲያ ይህ ናሆም ሜሮንን ወደደ። ሜሮን ዳላስ አጠገብ ሪቻርድሰን በምትባለው ከተማ አንድ የቴሌኮም ኩባንያ ውስጥ የምትሠራ፣ ረጋ ያለች ልጅ ናት። ቀለበቱን በአሜሪካ ደንብ ተንበርክኮ ጣቷ ላይ ካደረገላት ወር አልፎታል። እሷ ግን «አባዬ ካልመረቀኝ አላደርገውም» ብላ ቁርጡን ነገረችው። ልጁ ደግሞ ግንቦት ላይ ለልምምድ ወደ ካናዳ መሄዱ ነው፤ ይዟት ካልሄደ ነገሩ ሌላ ዓመት ሊገፋ ነው። ስለዚህ ሽማግሌ ተፈለገ። ዳላስ ውስጥ ደግሞ ሽማግሌ እንደልብ አይገኝም፤ ያሉት ሽማግሌዎች ሁሉ ሥራ ላይ ናቸው። ፀጉሬ ቀድሞ ስለሸበተ ብቻ እኔ ተመለመልኩ።

ችግሩ የሜሮን አባት ጋሽ ደምሴ ናቸው። ጋሽ ደምሴ እሑድ እሑድ ነጠላቸው ሥር የዳላሱን የፉትቦል ቡድን ማሊያ ለብሰው የሚያስቀድሱ ሰው ናቸው። ቅዳሴው ረዝሞ ጨዋታው ከተጀመረባቸው ፊታቸው ላይ የሚታየውን ተመስጦ ጽድቅ የሚመስለው ያልገባው ነው። ቡድናቸው ለመጨረሻ ጊዜ ዋንጫ ሲያነሳ ሜሮን ገና አልተወለደችም ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ማለት እንዲህ ነው።

ሦስት ሆነን ልንሄድ ነበር፤ ሦስተኛው ሽማግሌ ሺፍት ተቀይሮበት ቀረ። ከጋሽ ወርቁ ጋር ሁለት ሆነን ሄድን። ጋሽ ወርቁ በዕድሜ የገፉ፣ በሽምግልና የተመሰገኑ፣ ስለ ፉትቦል ግን ምንም የማያውቁ ሰው ናቸው። ተቀመጡ ብንባልም እንደ ወጉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለን ቆምን።

«ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው የመጣነው» አሉ ጋሽ ወርቁ።

«ልጃችሁ ምን ይሠራል?» አሉ ጋሽ ደምሴ፣ እያወቁ።

«እግር ኳስ ተጫዋች ነው።»

«የቱን እግር ኳስ?»

«ያው፣ በእጅ የሚጫወቱትን።»

«የት?»

ጋሽ ወርቁ ወደ እኔ ዞሩ። «ካናዳ» አልኩ፣ ቀስ ብዬ።

«ሶ፣ እዚህ አልሆነለትም» አሉ ጋሽ ደምሴ። «ካናዳ እኮ ከዚህ የትራይአውት ፈተና የወደቀ የሚሄድበት ነው። እኔ አንዲት ልጄን ለሁለተኛ ዲቪዚዮን አልሰጥም።»

እኔም ዋዛ አልነበርኩም፤ ሳምንቱን ሙሉ በስልኬ ሳጠና ነው የከረምኩት። «ጋሼ፣ ማለቴ፣ ሜዳው እኮ እዚያ ይሰፋል፤ ይረዝማልም። ደግሞ እዚህ አሥር ያርድ ለመሄድ አራት ጊዜ ይሞክራሉ፤ እዚያ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። አራት ጊዜ ከተሞከረማ ማን ያቅተዋል?» አልኩ።

«ተጫዋቾቹም በአንድ ይበልጣሉ» አሉ ጋሽ ወርቁ፣ መኪና ውስጥ ያስጠናኋቸውን። ከዚያ ያላስጠናኋቸውን ጨመሩ። «አሥራ ሁለት ናቸው፤ በሐዋርያት ቁጥር።»

«አሥራ ሁለተኛው ማን እንደነበር አይርሱ» አሉ ጋሽ ደምሴ።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ያጠናሁት ሁሉ ካልወጣ እንቅልፍ አይወስደኝም። «ካናዳ ደግሞ» አልኩ፣ «መቺው ቢስት እንኳ ኳሱ ከሜዳው በስተጀርባ አልፎ ከወጣ አንድ ነጥብ ይሰጡታል።»

ጋሽ ደምሴ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከዚያ ሳቁ። ሳቅ እንዳይመስላችሁ፤ ከሶፋው ሊወድቁ ደረሱ። «ለሳተ ሰው ነጥብ? ጽጌ፣ ነይ ስሚ! ካናዳ ለሳተም ነጥብ ይሰጣሉ አሉ!» እንባቸውን በማሊያቸው እጅጌ ጠረጉ። እኛ ቆመናል። ከሽማግሌነት ወደ ኮሜዲያንነት ስንወርድ ይታወቀኝ ነበር።

ባለቤታቸው እትዬ ጽጌ ከነርሲንግ ሆም ሺፍቷ መግባቷ ነበርና የሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም። በሩ ላይ ቆማ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች።

«አንተ አባቴ ዘንድ ሽማግሌ ስትልክ ስንት ጊዜ ነው የመለሱብህ?» አለቻቸው።

«ሁለት» አሉ ጋሽ ደምሴ፣ ወለሉን እያዩ።

«በሦስተኛው ነው የተሳካልህ። አባቴ አራተኛ አይሰጡህም ነበር። ሶ፣ አንተም ካናዳ ነህ።»

ጋሽ ወርቁ በከንፈራቸው ብቻ ፈገግ አሉ። ጋሽ ደምሴ ግን በዋዛ እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም። ብድግ አሉና «ኦኬ» አሉ። «ሊግ ከሊግ ምን ያነታርከናል? ሜዳ አለ፣ ኳስ አለ። ሃምሳ ያርድ ላይ ቆሞ አንዴ ይምታ። ካገባ፣ ያገባል።»

አማርኛ እንዲህ ዓይነት ተንኮል አላት። ልጅ ማግባትም ጎል ማግባትም በአንድ ቃል ነው፤ አንዷ ምት ለሁለቱም ትበቃለች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሪቻርድሰን አንድ ሃይስኩል ሜዳ ላይ ተገናኘን። የቴክሳስ የመጋቢት ነፋስ ያን ዕለት የሰው ኮፍያ ይቀማ ነበር። ጋሽ ደምሴ ታጣፊ ወንበር ይዘው መጥተው ዳር ላይ ተቀመጡ። እትዬ ጽጌ ከጎናቸው ቆመች። እኔ ዳኛ ተብዬ ኳሱ በመሃላቸው ካለፈ ጎል ከሚሆንባቸው ሁለት ረጃጅም ብረቶች ሥር ቆምኩ፤ በሽበት የማይሰጥ ሹመት የለም። ጋሽ ወርቁ መኪና ውስጥ ሆነው ዳዊት ይደግሙ ነበር።

አንድ ነገር ረስተን ኖሯል። ይህ ኳስ እንደ እንቁላል ስለሆነ ብቻውን ቆሞ አይጠብቅም፤ ተንበርክኮ ጫፉን በጣቱ የሚይዝ ሰው ይፈልጋል። ተያየን። የእኔ ጉልበት እንደማይታጠፍ ሁሉም ያውቃል። ሜሮን ማንንም ሳትጠይቅ ሄደች፣ በዚያ በነጭ ሱሪዋ አፈሩ ላይ ተንበረከከች፣ የኳሱን አናት በአንድ ጣቷ ያዘች። የቀለበቱ ጣት ነበር። ነፋሱ ፀጉሯን ፊቷ ላይ አለበሰው፤ እጇን ግን አላነቃነቀችም።

ናሆም አስተዋለ፣ ወደኋላ እርምጃ ቆጠረ፣ መጣ፣ ለጋ።

ድምፁ ያምር ነበር። ኳሱ ቀጥ ብሎ መጣ፣ መጣ፣ ልቤ «ገባ» አለ። ከዚያ ያ ነፋስ እንደ ክፉ አማት እጁን ሰደደና ወደ ግራ ገፋው። ከብረቱ ውጭ አልፎ፣ ሜዳውን ጨርሶ፣ አጥሩን ተሻግሮ ፓርኪንጉ ውስጥ ነጠረ። ዳኛ ነኝና መዋሸት አልቻልኩም። እጄን ወደ ጎን ዘረጋሁ። ሳተ።

ናሆም አንገቱን ደፋ። እውነቴን ነው፣ የገዛ ልጄን እንደከለከሉብኝ ነው ሆዴ የባሰው። ሜሮን ግን ኳሱንም ናሆምንም አላየችም። እንደተንበረከከች ዞራ አባቷን ነበር የምታየው። ጋሽ ደምሴም የሚያዩት እሷን ነበር፤ አፈር የነካው ሱሪዋን፣ አየር ላይ የቀረችውን ያቺን አንድ ጣት።

ከዚያ ከወንበራቸው ሳይነሱ ጮክ ብለው ጠሩኝ።

«አንተ ዳኛ! ኳሱ ከሜዳው በስተጀርባ ወጥቷል?»

«ወጥቷል፣ ጋሼ። ፓርኪንግ ነው ያለው።»

«እንግዲያው በካናዳ ሕግ አንድ ነጥብ ነው» አሉ። ተነሡና ወንበራቸውን ማጠፍ ጀመሩ። «አንድ ይበቃል። እኔም ያለችኝ አንድ ናት።»

እንዲህ ሆኖ ናሆም ሳያገባ አገባ። ጋሽ ወርቁ በዳዊታቸው የገባ እየመሰላቸው እስካሁን ጎል ነበር ብለው ያወራሉ፤ አላረምኳቸውም። ሰሞኑን ደግሞ ካናዳ ኳሱ ዝም ብሎ ሲወጣ የምትሰጠውን ነጥብ ልታስቀር ነው ሲባል ሰማሁ። አልከፋኝም። ሰው መሳቱ አይቀርም፤ ዋናው ሕጉ ሳይለወጥ መሳት ነው።