ሊቀ ድምፅና የሚረገጡ ሳጥኖቻቸው

ሰዎች ተሰብስበው ሙዚቃ በሚለማመዱበት ቤት ሁሉ፣ ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ ድምፁ ያልተቀመጠለት አንድ ቤዝ ጊታር ተጫዋች አይጠፋም። ዘፋኟን ጉንፋን ሊይዛት ይችላል፤ መብራት ሊጠፋ ይችላል፤ እሱ ግን አለ። ወለሉ ላይ ተንበርክኮ፣ ቂጡን ለዓለም ሰጥቶ፣ አንዲት ማዞሪያ ቅንጣት ታህል ወደ ቀኝ እያዞረ «ገና ነው» ይላል። ትንሽ ቆይቶ ቅንጣት ታህል ወደ ግራ ይመልሳትና «ገና ነው» ይላል።

የእኛ ሰውዬ የዕለት ሥራቸው መነጽር መሥራት ነው። እኛ ግን ሊቀ ድምፅ እንላቸዋለን። በአካል ስንገናኝ «አንተ» ነው የምላቸው፣ በዕድሜም ብዙ አይበልጡኝም። እዚህ ግን ለማዕረጋቸው ስል አንቱ እላቸዋለሁ። ማዕረጉን የሰጣቸው የለም፤ የከለከላቸውም የለም።

አራት ነን። ሊቀ ድምፅ ቤዝ፣ የከተማ አውቶቡስ የሚነዳው ሹፌር ጊታር፣ ነርሷ ዘፈን፣ እኔ ድራም። የምንለማመደው ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እኔ ሶፋ በማድስበት ቤት ውስጥ ነው። ድራም የመረጥኩት፣ እንዴት ልበል፣ ከኋላ ስለሚቀመጥ ነው። ከኋላ የተቀመጠን ሰው ማንም ዞሮ «አንተስ ምን ትላለህ?» አይለውም። በሳምንት ውስጥ ሳልናገር ከሰው ጋር የምሆንባት ሰዓት እሷ ብቻ ናት። ለዚህ ነው ያቺን ሰዓት ከዓይኔ በላይ የምሳሳላት።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። ፔዳል ማለት በጊታሩና በስፒከሩ መሀል የምትገባ፣ በእግር የምትረገጥ ትንሽ የብረት ሳጥን ናት። ድምፁ በአንድ ገመድ ይገባባታል፣ የምታደርገውን አድርጋ በሌላ ገመድ ታስወጣዋለች። አንዷ ታሻክረዋለች፣ አንዷ ታለሰልሰዋለች፣ አንዷ ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ሰው ታስመስለዋለች። ሊቀ ድምፅ ሁሉንም ጣውላ ላይ ደርድረዋቸዋል። ጣውላውን የሠራሁላቸው እኔ ነኝ፣ ከተጣለ የሶፋ ጀርባ። በየጊዜው «ጠበበኝ» ይሉኛል፣ እቀጥልላቸዋለሁ። አሁን ሰው ያስተኛል።

መነጽር ቤታቸው የሄደ ሰው ያውቃቸዋል። ወንበር ላይ ያስቀምጡሃል፣ ዓይንህ ላይ መስታወት እየቀያየሩ «ይሄ ይሻላል፣ ወይስ ይሄ?» ይላሉ። ያው ሥራው ነው ትላለህ። ችግሩ ቅዳሜ ከእኛም ጋር እንደዚያው መሆናቸው ነው። አንዷን ሳጥን ይረግጡና ድም ያደርጋሉ። ይለቁና ድም ያደርጋሉ። «ይሄ ይሻላል፣ ወይስ ይሄ?»

ሹፌሩ ቶሎ መገላገል ስለሚፈልግ «የመጀመሪያው» ይላል።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ሁለተኛው።»

ከዚያ ዘወር ብለው ወደ እኔ ይመጣሉ። ሁልጊዜ ይመጣሉ። ከድራሙ ጎን ቁጢጥ ይሉና፣ በመነጽራቸው አናት አሻግረው እያዩኝ፣ «አንተ ጋ እንዴት ነው?» ይሉኛል። እኔም «ጥሩ ነው» እላለሁ። ምን ልበል? እውነቱን ለመናገር በሁለቱ ድም መሀል ያለው ልዩነት እስከ ዛሬ አልገባኝም። እሳቸውም ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጉና «አልተቀመጠም» ብለው ወደ ሳጥኖቻቸው ይመለሳሉ። ጥሩ ነው ስላቸው፣ ሰው መሞቱን የነገርኳቸው ይመስል አዝነው ነው የሚሄዱት።

የጊታራቸውን ክር አይቀይሩም። «አዲስ ክር ይጮሃል፣ አሮጌ ክር ይናገራል» ባይ ናቸው። አንድ ቅዳሜ ሹፌሩ ደግ ልሥራ ብሎ፣ እሳቸው ሳይደርሱ፣ ክሮቹን በአልኮል ጠርጎ አብለጨለጫቸው። ሊቀ ድምፅ መጡ። አንዴ ነካ አደረጉ። ጊታሩን ቀስ ብለው ሶፋ ላይ አስተኙትና አጠገቡ ተቀመጡ።

«የጣቴ ወዝ ነበረበት» አሉ። «ስንት ዓመት ያጠራቀምኩት ወዝ።»

ሹፌሩ ላብ በላብ ሆነ። ነርሷ ጠጋ ብላ ትከሻቸውን ያዝ አድርጋ፣ «እግዜር ያጥናህ» አለች። እሳቸውም «አሜን» አሉ። እየቀለዱ አልነበረም።

ቤታቸው ደግሞ ፍሪጁ የሚያወጣው እምምታ ከወፍራሙ ክር ጋር ይጣላል ብለው ነቀሉት። መንቀሉን አስታውሰው መሰካቱን ረሱ፤ ሥጋው ሸተተ። በማግስቱ ባለቤታቸው እኔ ቤት የረሱትን ምሳ ዕቃ ልትወስድ ስትመጣ እኔ ሶፋ ላይ ምስማር እየመታሁ ነበር። ቆም ብላ አየችኝና እንዲህ አለች፤ «የሌላዋ ባል ሲያመሽ ሴት ጋር ነው ብላ ትሰጋለች። የእኔ ሳጥን ጋር ነው። ሴት ብትሆን እኮ አንዷ ትበቃው ነበር።»

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሳቅ ነው። የማያስቀው ሰው ፊት የመጫወቱ ነገር ነው። የሹፌሩ የእህት ልጅ ስትመረቅ ተጠራን። ሊቀ ድምፅ ስፒከሩን ወደ ግድግዳው አስጠጉት፣ «በዛ» አሉ። አራቁት፣ «ሳሳ» አሉ። ወንበር ላይ አወጡት፣ አወረዱት፣ ፊቱን አዞሩት። እንግዶቹ ሙዚቃው ይሄ መስሏቸው አጨበጨቡ። ኬኩ ተቆረጠ፣ ፎቶው ተነሳ፣ ሽማግሌዎቹ ተሸኙ። ሊቀ ድምፅ ቀና ብለው «አሁን ተቀመጠ፣ እንጀምር» ሲሉ አዳራሹ ውስጥ የቀረነው እኛና የወንበር አከራዩ ነበርን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ነርሷ ማይኩን ሳታነሳ ቆመች።

«ስሙኝ» አለች። «የክፍላችን ኃላፊ ጡረታ ልትወጣ ነው። እጄን ይዛ መርፌ መውጋት ያስተማረችኝ እሷ ናት። በስንብቷ እዘፍንልሻለሁ ብያታለሁ። በዚያ ቀን ‹ገና ነው› የሚል ቃል ከማንም አፍ ከወጣ፣ እኔና እናንተ ጨረስን። ተቀይሜ አይደለም፤ ደክሞኝ ነው።»

«አንቺ ከሄድሽ እኔስ ጊታር ታቅፌ ምን እሠራለሁ» አለ ሹፌሩ።

ሊቀ ድምፅ ጣውላቸው ላይ እንዳቀረቀሩ፣ «ይደርሳል» አሉ። ቅዳሜዬ በእኚህ ሰውዬ ማዞሪያ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች።

ነርሷ ለእኔም የምትለው ነበራት። «አንተ ደግሞ፣ የኔ ወንድም፣ ያን ትልቁን ከበሮ በእግርህ ጠንከር አድርገህ ምታው። የምጨፍርበት አጣሁ እኮ።» ሹፌሩም «እውነቷን ነው፣ ፍራሽ የምትመታ ነው የምትመስለው» አለ። እንዲህ ሲሉኝ እግሬ ይብስ ይፈራል። ጠንከር በል ባሉኝ ቁጥር ይለሰልሳል። ሊቀ ድምፅ ብቻ ናቸው እንዲህ ብለውኝ የማያውቁት። ነገሩ ስለማይገዳቸው ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ አዲሷ ሳጥን መጣች፤ ትንሽ፣ አረንጓዴ። ሊቀ ድምፅ በሌላ ሳጥን ለውጠው ነው ያመጧት። የሆነ ቀን ለአንድ ጓደኛቸው ሊያሳዩ ነቅለው ወሰዷት፣ መልሰውም ከጣውላው ላይ አስቀመጧት። ከዚያ ወዲህ ተአምር ሆነ። ማዞሪያዋን ነካ ያደርጋሉ፣ ድም ያደርጋሉ፣ «ሰማችሁ? ሞቀ» ይላሉ። ሹፌሩ «አቤት፣ ሞቀ» ይላል። ነርሷ እንኳ አንገቷን ዘንበል አድርጋ «አዎ፣ የሆነ ነገርማ አለው» አለች። እኔም፣ ልዩነት ሰምቼ የማላውቀው ሰውዬ፣ የሰማሁ መሰለኝ። ሊቀ ድምፅ «ተቀመጠ» አሉ። ይህን ቃል ከአፋቸው በጊዜው ስንሰማ የመጀመሪያችን ነበር።

እኔ ከሰው ጋር ስሆን ዓይኔ መሬት መሬት ነው የሚያየው፤ ልማዴ ነው። ስለዚህ የሁሉንም ጫማ አውቃለሁ፣ ገመዶቹንም አውቃለሁ። የስንብቱ ግብዣ ሲቃረብ፣ ዘፈን መሀል፣ ዓይኔ አረንጓዴዋ ሳጥን ላይ አረፈ። የመብራት ገመዷ ተሰክቷል፣ ቀይ መብራቷም በርቷል። የድምፁ ገመድ ግን ከጎረቤቷ ሳጥን ተነስቶ፣ እሷን ዘሎ፣ ወደ ወዲያኛዋ ሄዷል። ሊቀ ድምፅ መልሰው ሲያስቀምጧት የድምፁን ገመድ ረስተውታል። ሳጥኗ በርታ ዝም ብላ ተቀምጣለች። ያን ሁሉ ጊዜ ያዞሩት ማዞሪያ ከምንም ጋር አልተገናኘም። የሞቀው እኛ ነን።

ብናገር «ገና ነው» ሊመጣ፣ ነርሷ ልትሄድ፣ ቅዳሜዬ ልትሄድ። ድም ድሜን ቀጠልኩ።

ግብዣው ቀን አዳራሹ ሞላ። ነርሶቹ ዩኒፎርም አውልቀው ሲመጡ ማን ማን እንደሆነ አይታወቅም። ጡረተኛዋ ፊት ለፊት ተቀምጣለች፤ ቀጭን ናት፣ ዓይኗ ሁሉን ይቆጣጠራል። ስማችን ተጠራ። ሊቀ ድምፅ ሰው እንዳይጠልፈው ብለው ገመዱን ወለሉ ላይ በፕላስተር ሊለጥፉ ተንበረከኩ። ተንበርክከው ቀሩ።

«አልተሰካም» አሉ።

«ምኑ?» አለች ነርሷ።

«አረንጓዴዋ። ሰሞኑን ሁሉ አልተሰካችም ነበር።»

«እኔ እኮ ሲሞቅ ሰምቼዋለሁ» አለ ሹፌሩ ከልቡ።

ሊቀ ድምፅ ገመድ መንቀል ጀመሩ። አንዱን፣ ሌላውን፣ ሁሉንም። «ከመጀመሪያው ማየት አለብኝ» አሉ። የነርሷ ፊት ሲጠወልግ አየሁ። ማይኩን ማቆሚያው ላይ መለሰችው። ጡረተኛዋ ሰዓቷን አየች።

ከዚህ በኋላ አንቱታው ይቅርብኝ፤ ጎኑ ሄጄ ቁጢጥ ብያለሁና።

«አውቅ ነበር» አልኩት።

«ምን?»

«እንዳልተሰካች። አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ሞቀ ስትል ደስ ብሎህ ነበራ።»

የነቀለውን ገመድ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። እኔም፣ ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፣ «ምንድን ነው ግን እንዲህ የምትፈልገው?» አልኩት። በስንት ዓመት የመጀመሪያ ጥያቄዬ ነው።

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እግርህን» አለኝ። «ያንተ ትልቁ ከበሮና የእኔ ቤዝ ቦታችን አንድ ነው፣ ታች፣ ወፍራሙ ድምፅ ጋ። የእኔ ሲወፍር ያንተ ይሰምጣል። አንተ ደግሞ ቀስ ብለህ ነው የምትመታው። እነሱ ጠንከር በል ሲሉህ እንደምትሸማቀቅ አያለሁ። እኔ ልጨምርበት? ስለዚህ ቦታ ልልቀቅልህ ብዬ ነው። ሳልጠፋ ላሳልፍህ። እሱ ነው አልቀመጥ ያለኝ።»

ያ ሁሉ ሳጥን። ያ የተቀጣጠለ ጣውላ። የሸተተው ሥጋ ሳይቀር ትዝ አለኝ። ሁልጊዜ «አንተ ጋ እንዴት ነው?» ሲለኝ፣ እኔ ስለ እሱ ድምፅ የሚጠይቀኝ መስሎኝ «ጥሩ ነው» እያልኩ ስመልሰው ኖሬያለሁ።

ብዙ የምለው ነበረኝ። የወጣኝ ግን «ጊታሩን በቀጥታ ስፒከሩ ላይ ሰካው» የሚል ብቻ ነው።

«ትሰምጣለህ እኮ።»

«አልሰምጥም። እመታዋለሁ።»

«እርግጠኛ ነህ?» አለ፤ መነጽር ቤት ያለ ይመስል።

«ተነስ።»

ተነሳ። ሳጥኖቹን ዘለላቸው፣ ገመዱን በቀጥታ ሰካው። ነርሷ ማይኩን አነሳች። እኔ ተቀመጥኩና እግሬን አነሳሁ፤ የዚያን ቀን እግሬ ላይ ማን እንደገባበት አላውቅም። የመጀመሪያው ምት ሲያርፍ ሹፌሩ ደንግጦ ዞረ፣ ጠረጴዛ ላይ ያለ ብርጭቆ ተንቀጠቀጠ። ነርሷ ዓይኗን ጨፍና ዘፈኑ ውስጥ ገባች። በሁለተኛው ዘፈን ጡረተኛዋ ተነሳች፤ እሷ ስትነሳ ማን ይቀመጣል፣ ሌሎቹም ትእዛዝ የመጣ ይመስል ተነሱ። የእሱ ድምፅ ምን ይመስል እንደነበር አትጠይቁኝ። እኔ የሰማሁት እግሬን ነው።

ስንመለስ፣ በተከራየነው ሚኒባስ ውስጥ፣ ነርሷ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ድራሙ ላይ ሰቅላ «ቅዳሜ እንዳታረፍዱ» አለች። ሹፌሩ የሰው መኪና ላይ መቀመጥ ስለማይሆንለት ከኋላ ሆኖ ፍሬን ይረግጣል። ሊቀ ድምፅ ጉልበቱ ላይ አረንጓዴዋን ሳጥን አስቀምጦ በአውራ ጣቱ ይነካካታል።

«ምነው?» አለችው ነርሷ።

«እሱ ዛሬ በጣም ወፈረ» አለ በአገጩ ወደ እኔ እየጠቆመ። «እኔ ጠፋሁ። እንደገና መፈለግ አለብኝ።»

ነርሷ ግንባሯን መስኮቱ ላይ ደገፍ አድርጋ «ወይ አምላኬ» አለች።

እሱ ወደ እኔ ዞረ፤ ትንሽ እቀንስለት እንደሆነ የጠበቀ ይመስለኛል።

«ፈልግ» አልኩት። «እኔ እንደሆነ አልቀንስም።»