መሬትን በካልሲ የረገጥንበት ሳምንት

የማዘጋጃ ቤታችን ሠራተኞች ከገዛ ራሳቸው ጋር የታረቁበት ቀን በከተማችን ታሪክ ውስጥ በክብር እንዲመዘገብ እጠይቃለሁ። ቀኑ ማክሰኞ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የጨለማ ዘመን ነበር። ሰው ይመጣል፣ ወረቀቱን ያቀርባል፣ እኛ እየተነጫነጭን ማህተም እንመታለታለን፣ እሱም በሆዱ እየረገመን ይሄዳል። መረጋጋት የሚባል ነገር በደጃችን አልፎ አያውቅም።

ብርሃኑን ያመጡልን ኃላፊያችን ቭላዴታ ናቸው። ቤልግሬድ ለሦስት ቀን ሥልጠና ሄደው ሲመለሱ ፊታቸው ወዝቶ፣ ድምፃቸው ለስልሶ፣ አንድ መመሪያ በብብታቸው ይዘው ነበር። «ማንኛውም ሠራተኛ» ይላል አንቀጽ አንድ፣ «በዕለት ተዕለት ኑሮው የሰከነ፣ እግሩም ልቡም መሬት የያዘ ይሆናል።» አንቀጽ ሁለት፦ «በገዛ ፈቃዱ ያልተረጋጋ ሠራተኛ በዲሲፕሊን ይጠየቃል።» ዓርብ ዕለት ከአውራጃው ተቆጣጣሪ መጥቶ መረጋጋታችንን እንደሚለካ ሲነግሩን መመሪያውን ገልብጠው ይዘውት ነበር። ከደስታ ይመስለኛል።

አሠልጣኛችን ኔቬና የምትባል ቀጭን ልጅ ናት። ገና ከመግባቷ የፊቱን መስኮት ወለል አድርጋ ከፈተች፤ ቀጥላ የኋላውን በር በረገደችው። «አሁን ሁላችንም በረጅሙ እንተንፍስ» አለች።

እኛ በረጅሙ ጮኽን።

የእኛ አገር ሰው ጦርነት ችሏል፣ ረሃብ ችሏል፣ በየአሥር ዓመቱ የሚለወጥ ባንዲራ ችሏል። ከመስኮት ገብቶ በበር የሚወጣ ነፋስ ግን አይችልም። የማህተም ክፍሏ ዴሳንካ አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ ጠረጴዛዋ ሥር ገባች።

«ዝጊው! ዝጊው አንቺ ልጅ! በፊትም በኋላም ከፍተሽ ልትፈጂን ነው?»

«እትዬ፣ ንጹህ አየር እኮ ነው።»

«አጎቴን የገደለው ይኸው ንጹህ አየር ነው!»

«ውይ! በስንት ዓመታቸው?»

«በዘጠና አራት! ገና ብዙ ይኖር ነበር!»

ወዲያው አጥኚ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ ነበርኩ። ሁሉም ነገር ተዘግቶም መተንፈስ እንደሚቻል በአብላጫ ድምፅ ተወሰነ። ኔቬና ተስፋ አልቆረጠችም። ግቢው ውስጥ ሣሩ ላይ በባዶ እግራችን እንድንቆም፣ መሬትም ጭንቀታችንን እንድትቀበለን ሐሳብ አቀረበች። በዚህ ቅዝቃዜ፣ በባዶ እግር! ኩላሊት ተጠቀሰ፣ ወገብ ተጠቀሰ፣ ዴሳንካ ስድሳ ዓመት ያለፋት መሆኑን ረስታ ማህፀኗን ጠቀሰች። በመጨረሻ ስምምነት ተደረሰ። ሣሩ ላይ ካርቶን፣ ካርቶኑ ላይ ምንጣፍ፣ ምንጣፉ ላይ ነጠላ ጫማ፣ ነጠላ ጫማው ውስጥ የሱፍ ካልሲ፣ ካልሲው ውስጥ እኛ። ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት መሬትን በተወካዮቿ በኩል እናነጋግራት ጀመር። ከአምስት ሰዓት በኋላ ደግሞ ቢሮ ገብተን፣ ዓይናችንን ጨፍነን ያገኘነውን ሰላም እናጣጥማለን።

ረቡዕ ዕለት ሚሊሳቭ መጣ። ሚሊሳቭ ከተማው ዳር የፕሪም አትክልት ያለው ሰው ነው። ልጁ ዱንያ ቅዳሜ ልታገባ ነው፤ ማህተም ያረፈበት ወረቀት ካልያዘች ግን አያጋቧትም። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ሦስት መቶ ሰው ተጠርቷል፣ ጥሩምባ ነፊዎቹ ከአምና ጀምሮ ተይዘዋል።

«ደህና አደርሽ ዴሳንካ። እስቲ ይቺን ማህተም ምቺልኝ።»

«አሁን አልችልም፤ ውስጤ ነኝ።»

«የት ነሽ?»

«ውስጤ። እዚሁ ውስጤ ቁጭ ብያለሁ።»

«ማህተሙስ?»

«እሱ መሳቢያ ውስጥ ነው።»

«ታዲያ መሳቢያውን ሳቢው!»

«ከሳብኩት እወጣለሁ። አንዴ ከወጣሁ ተመልሼ ለመግባት አርባ ደቂቃ ይፈጅብኛል።»

«አንቺ ሴትዮ፣ አብረን አይደል እንዴ የተማርነው? ልጄ ቅዳሜ ልታገባ ነው እኮ!»

«እንኳን ደስ አለህ» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። መረጋጋት ሰውን ምን ያህል ትሁት እንደሚያደርግ ያን ጊዜ አየሁ።

ሐሙስ ተመልሶ ሲመጣ ማህተሙ ከመሳቢያው ወጥቶ ነበር፤ ግን ፋታ አልነበረውም። እያንዳንዱ ሠራተኛ በየሰዓቱ መረጋጋቱን የሚገልጽ ቅጽ በሦስት ኮፒ ይሞላል፣ ቅጹም ያለ ማህተም ዋጋ የለውም። ዴሳንካ ከጠዋት ጀምሮ ስትደበድብ ክንዷ ዝሏል።

«የእኔንም በመሃል ጣል አድርጊያት!» አለ ሚሊሳቭ።

«ይቺ የመረጋጋት ቅጽ አይደለችም» አልኩት እኔ። በጣም ተረጋግቼ ነው ያልኩት።

«ልጄ በሦስት መቶ ሰው ፊት ልትዋረድብኝ ነው እኮ! ምን በደልኳችሁ?» አለና ባርኔጣውን መሬት ላይ ወረወረ። ከእኛ ይልቅ ባርኔጣው መሬቱን ነካ።

ዓርብ ተቆጣጣሪው የደም ግፊት መለኪያ ይዞ ከች አለ። የቭላዴታ ግፊት መቶ ዘጠና ሆነ። «ተረጋጉ!» ብለው ሲጮኹብን የመስኮቱ መስታወት ተርገፈገፈ። ዴሳንካ የእሷ ግፊት የጨመረው መለኪያው ቀዝቃዛ በመሆኑ ነው ብላ ተከራከረች። የእኔን ሲያይ ተቆጣጣሪው ኑዛዜ ጽፌ እንደሆነ ጠየቀኝ። ኔቬና መጸዳጃ ቤት ገብታ እያለቀሰች ስለነበር አልተለካችም።

ያኔ ነው ተቆጣጣሪው ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ተዘርሮ ሲያንኮራፋ ያየው። ሚሊሳቭ ነበር። ለዴሳንካ እጅ መንሻ ያመጣውን የፕሪም አረቄ ተስፋ ሲቆርጥ ራሱ ጨልጦት ነበር። ተቆጣጣሪው ክንዱ ላይ ጠመጠመለት። መቶ ሃያ በሰማንያ።

«ማነው ይሄ?»

«የእኛ ነው!» አሉ ቭላዴታ። «ከፍተኛ የስክነት ባለሙያችን!»

ተቆጣጣሪው ጥርጣሬ ስለገባው የቅጥር ደብዳቤው ይታይ አለ። እሱ መለኪያውን ሲያነብ ደብዳቤው ተጻፈ፣ ማህተምም ተመታበት። ሰውዬው ሠላሳ ዓመት የመንግሥት ሥራ ሲለምን ኖሮ፣ ሲነቃ ጡረታ ያለው ቋሚ ሠራተኛ ሆኖ ነቃ። ከዚህ በኋላ አቶ ሚሊሳቭ ብዬ የመጥራት ግዴታ አለብኝ። ተቆጣጣሪው ያስቀመጣት አንዲት ቅድመ ሁኔታ ብቻ ነበረች፤ መለኪያው እስከ ሥራ መውጫ ሰዓት ከክንዳቸው አይፈታም፣ ግፊቱ ከጨመረ ቅጥሩ ይሰረዛል።

በዚህ መሃል ዱንያ ግማሽ ጸጉሯ ተጠቅልሎ፣ ግማሹ ተበትኖ፣ ከጸጉር ቤት እየሮጠች ገባች።

«አባዬ! ማህተሙስ?»

አቶ ሚሊሳቭ ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ የመለኪያውን መርፌ አዩ።

«ልጄ፣ መጀመሪያ በረጅሙ ተንፍሺ።»

«ምን?»

«ሰኞ ነይ።»

«ሠርጌ ነገ ነው እኮ አባዬ!»

«አውቃለሁ። አትጩኺ፣ መርፌው ይነሳብኛል።»

እውነቱን ለመናገር ልጅቷ አንጀቴን በላችው። ይሁን እንጂ የአንጀት መበላት በመመሪያው ስላልተፈቀደ ቅጼን መሙላት ቀጠልኩ።

ዱንያ አላለቀሰችም። ሄዳ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተች። ተመልሳ የኋላውን በር ከፈተች። ነፋሱ እልፍ ሲል ወረቀት ተበተነ፣ ጩኸት ቀለጠ። ቭላዴታ በኮሪደሩ ፈረጠጡ፣ ዴሳንካ ሻርፗን ተከናንባ ተፈተለከች። ተቆጣጣሪውም ያው ያገር ልጅ ነውና መለኪያውን እየጎተተ ሮጠ፤ አቶ ሚሊሳቭ በክንዳቸው ታስረው ተከተሉት፤ መርፌውን ያነበበ ግን አልነበረም። እኔ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበርኩ፤ በቀዳዳ አየኋት። መሳቢያውን ሳበች፣ ወረቀቷ ላይ ማህተሙን መታች፣ እፍ ብላ አደረቀችው፣ ወጣች። አራት ሰከንድ ፈጀባት፤ ግዴታዬ ነውና ስሟን ሳልጠቅስ በቃለ ጉባኤው መዘገብኩት።

ሠርጉ ቅዳሜ ተደረገ። ጥሩምባው እኛ ድረስ ተሰምቷል፤ የትርፍ ሰዓት መረጋጋት ታዘንና ግቢው ውስጥ ምንጣፋችን ላይ ቆመን ነበር። አቶ ሚሊሳቭም አብረውን በካልሲ ቆመዋል። ጥሩምባው ሲጠነክር ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «ዕንባ ግፊት ይጨምራል እንዴ?» ሲሉ በሹክሹክታ ጠየቁኝ። ቅጹን አይቼ እነግርዎታለሁ አልኳቸው።

ሰኞ ከአውራጃው ደብዳቤ ደረሰን። በአቶ ሚሊሳቭ ግፊት ማዘጋጃ ቤታችን በመረጋጋት አንደኛ ወጥቷል። የተጠቀሰብን ጉድለት አንድ ብቻ ነው፦ «ማንነቷ ያልታወቀ፣ በግልጽ ያልተረጋጋች ሴት በሥራ ሰዓት ለአንድ ባለጉዳይ በአራት ሰከንድ አገልግሎት ሰጥታ ተሰውራለች።» ድርጊቱ እንዳይደገም አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሟል። ሰብሳቢው አቶ ሚሊሳቭ ናቸው።