ጦሟን ያደረችው ሚሬት

በኔታኒያ ከተማ፣ በኤይን ሀትኽሌት ሰፈር፣ ለክብሩ ስንል ስሙን የማንጠራው አንድ ታላቅ መምሪያ አለ። የሰፈሩን ሽማግሌዎች የአትክልት ቦታ የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤ ሥራ ሲጠፋ ስብሰባ ይቀመጣል።

ባለፈው ዓመት አትክልቱን የሚረዳ አንድ የባሕር ማዶ ማኅበር፣ «የአቶ ማለደ መሬት ፋሎው ነው ወይ?» ሲል በእንግሊዝኛ ጠየቀ። ቀላል ጥያቄ አልነበረም። ፋሎው ሆኖ የተገኘ መሬት ከባለቤቱ ተነጥቆ የመምሪያው ሠራተኞች መኪና ማቆሚያ እንዲሆን አስቀድሞ ተወስኗልና። አቶ ማለደ ደግሞ ከጎንደር ከመጡ ወዲህ ሰው ሰው የሚሸቱት እዚያች ቁራሽ መሬት ላይ ሲያጎነብሱ ብቻ ነው።

የመምሪያው ኃላፊ ኤያል ቃሉን ከሥሩ መረመሩት። በጥንቱ እንግሊዝኛ ታርሶ ያልተዘራ መሬት ማለት እንደነበር አበሰሩ። ከእሱ ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ የሚጻፍ ሌላ ቃል ወደ ቡኒ የሚያደላ ቢጫ ማለት በመሆኑ፣ የመሬቱን ቀለም የሚያጣራ ንዑስ ኮሚቴ ተላከ። ንዑስ ኮሚቴው መሬቱ የመሬት ቀለም እንዳለው አረጋገጠ። በመጨረሻም ቃሉ ፍሬ ለማያፈራ ሰውና በከንቱ ላለፈ ጊዜም እንደሚነገር ሲነበብ፣ ሻይ ታዘዘ።

የቀረው ባለመሬቱን መጠየቅ ነበር። ለዚህ የተመረጠችው ሊአት ናት። በመምሪያው አማርኛ የምትችል እሷ ብቻ ስትሆን፣ የምትችለውም ከእናቷ ቁጣ የለቀመችውን ያህል ነው።

«ሻሎም አባ ማለደ፣ በጊናው ማ ኮሬ? ምን አለ?» አለች፤ «በጊናው» ስትል በዕብራይስጥ በአትክልቱ ቦታ ማለቷ ነው።

«መሬትማ ዘንድሮ ጦሟን አደረች፣ ልጄ።»

ሽማግሌው ሳይዘራባት ከረመች ማለታቸው ነበር። ሊአት ግን የሰማችው ሚሬት የምትባል ሴት እህል ሳትቀምስ እንዳደረች ነው።

«ላማ፣ አባ? ለምን?»

«ደክሟት ነዋ። በየዓመቱ አምጪ አምጪ ስንላት ዛለች። ትረፍ ብዬ ተውኋት።»

«በፊት ምን ትሰጧት ነበር?»

«ፍግ ነዋ። እሱም ዘንድሮ ጠፋ። የከብቱን ትወዳለች፤ የዶሮው ግን ያቃጥላል።»

ሊአት ዓይኗ እንባ አቅርሮ ተመለሰች። ስብሰባው ሪፖርቷን ሲሰማ የማያዝን አልነበረም። የተራበች ሴት የምትኖርበት ቦታ መኪና ማቆሚያ ሊሆን እንደማይገባ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። አቶ ኤያልም ልባቸው ተነክቶ፣ የከተማው እንግዶች በተገኙበት እዚያው ቦታ ለሚሬት ግብዣ እንዲደረግና ያ ፍግ የተባለው የሚያቃጥል የዶሮ ባህላዊ ምግብ በብዛት እንዲቀርብ አዘዙ። ማዘዙንም ለአቶ ማለደ ተዉላቸው፤ ሞሻቭ ከሚባለው የገበሬዎች መንደር ዶሮ ቤት እንዲያስመጡ። አቶ ማለደ ሁለት ጊዜ አስደግመው ጠየቁ። ሊአት በእርግጥ ፍግ ነው አለቻቸው።

በቀኑ ነጭ ጨርቅ የለበሱ ጠረጴዛዎች ተደረደሩ። አቶ ኤያል ስለ ፋሎው አመጣጥ ረዘም ያለ ንግግር ካደረጉ በኋላ፣ ዛሬ ከሕዝቡ ጋር ፍግ በመቋደሳቸው የሚሰማቸውን ኩራት ገለጹ። ሊአት ተረጎመችው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩና በጨዋ ደንብ አሜን አሉ።

ይኼኔ ጭነት መኪናው ወደ ኋላ እየተንፏቀቀ መጥቶ ፍጉን ገለበጠው።

እንግዶቹ ሹካቸውን እንደያዙ ተበተኑ። አቶ ኤያል አፍንጫቸውን በክራቫታቸው ይዘው፣ ሚሬት የት አለች እያሉ ሊአትን ይጠይቁ ነበር። አቶ ማለደ አካፋቸውን አስቀምጠው እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉና የኃላፊውን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» አሏቸው። «ከናንተ ቢሮ ጠብ ያለ ነገር ሳይ ገና ዛሬ ነው።»