የባትሪው ሕይወት

የተሳሳተ ፊደል አይተው እንዳላዩ የሚያልፉ ሰዎች አሉ። ረጅም ዕድሜ ይስጣቸው፤ እንዲያ ያለ ሰው ደም ብዛት ስለማይነካው መስጠቱም አይቀርም። እኔ ግን ምግብ ቤት ገብቼ «ዱለት» ለማለት «ዱላት» ተብሎ ተጽፎ ካየሁ፣ ከማዘዜ በፊት አስተናጋጁን እስክሪብቶ የምጠይቅ ሰው ነኝ። እርስዎም እንዲህ ከሆኑ እንግባባለን። ካልሆኑ ትንሽ ይታገሡኝ።

ይህ አመል ከደሴ ተከትሎኝ መቀሌ ገባ። በመሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተር የምጠግነው እኔ ነበርኩ፤ የምንጠቀመውም ማንም በነፃ የሚያወርደውን፣ የቻለም የሚያሻሽለውን ሶፍትዌር ነበር። የአማርኛ መመሪያውን በየሀገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ተርጉመውታል። አንድ ቀን ሳነበው ምን ቢል ጥሩ ነው? «የይለፍ ቃርዎን ያስገቡ»። የይለፍ ቃል ማለቱ ነው። ቃሩማ ነበረኝ፤ የሚቀበለኝ አጥቼ እንጂ።

እርማቱን ላክሁ። የትርጉሙ ኃላፊ፣ ስሙን እንጂ መልኩን የማላውቀው ሰው፣ «ተቀብያለሁ፤ አመሰግናለሁ» ብሎ መለሰልኝ። ስሜም ከአራሚዎቹ ተርታ ገባ። ከዚያ ወዲያ በሮማናት አደባባይ ሳልፍ የታክሲዎቹ ጡሩምባ ሁሉ ለእኔ የሚጮኽ ይመስለኝ ጀመር። ያረምኩት አንድ ፊደል ነው፤ አረማመዴ ግን ድልድይ ሠርቶ እንዳስመረቀ ሰው ነበር።

በዚያው ሰሞን ሕይወትን ላገባ ሽማግሌ ላክሁ። ሕይወት እዚያው መቀሌ የቀዳማይ ወያነ ሰፈር ልጅ ናት። አባቷ አቦይ ተክላይ አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሐን እና ሀን ከጉሮሯቸው ለይተው የሚያወጡ ሰው ናቸው። «ልጁ ሥራው ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ የሆኑት አለቃዬ ጋሽ ተሾመ ሞቅ ብሏቸው «ዓለም የሚያነበውን ጽሑፍ ያርማል» አሉ።

አቦይ ተክላይ ቀና አሉ። «እንግዲያው ያሳየኝ።»

ኢንተርኔት ቤት ወሰድኳቸው፤ ሕይወትም አብራን መጣች። ያረምኩትን አሳየኋቸው። አነበቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። እፎይ ልል ስል ጣታቸው ወደ ታችኛው መስመር ወረደ። «የባትሪዎን ህይወት ለማራዘም» ይላል።

«ይሄን ሀ አላየኸውም፣ ወደይ?» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

«አቦይ፣ በአማርኛ እኮ ድምፁ አንድ ነው» አልኩ።

«ላንተ ነው አንድ። የልጄ ስም በሐ ነው። ስሟን ሳታውቅ ነው የምታገባት?»

ሕይወት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የምታለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቀች ነበር።

ይህንንም እርማት ላክሁ። በማግስቱ መልስ መጣ፤ «ሁለቱም ያስኬዳል፤ አልቀይርም» ይላል። እኔ ተስፋ ቆረጥኩ፤ አቦይ ተክላይ ግን ጎረምሳ ሆኑ። ወንበር ስበው «ጻፍ» አሉኝ፤ «ሐይወ ከሚለው የግዕዝ ግሥ...» ብለው ጀመሩ። ኃላፊው ይመልሳል፤ እሳቸው ይናገራሉ፤ እኔ በስማቸው እጽፋለሁ። ሳምንቱ በዚህ አለቀ። ኢንተርኔት ቤቱ የሚመጡ ተማሪዎች የራሳቸውን ጉዳይ ትተው ከኋላችን ይቆሙ ጀመር፤ ግማሹ የሐ፣ ግማሹ የሀ ወገን ሆነ። ትዳሬ ግን አንዲት ፊደል ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

በመጨረሻ ኃላፊው «አባት፣ ይህ ፊደል ለምን እንዲህ አስጨነቀዎት?» ብሎ ጻፈ። አቦይ ተክላይ የቀራቸውን ማስረጃ ሁሉ አስጻፉኝና ሊወለውሉት መነጽራቸውን አወለቁ። ያለ እሱ ደግሞ አያዩም። እኔም ከሥር አንዲት መስመር ጨመርኩ። «ወንድሜ፣ ሕይወት የልጃቸው ስም ነው። ይህ ካልታረመ አይድሩልኝም።» መነጽራቸውን ሲያደርጉ ልኬው ነበር።

በማግስቱ ስንመጣ መልሱ ደርሷል። የኔን መስመር በመዳፌ ሸፍኜ አሳየኋቸው።

«ታርሟል። እንኳን ደስ አላችሁ።»

አቦይ ተክላይ ደጋግመው አነበቡት። ከዚያ ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ።

«ጨዋ ሰው ነው» አሉ። «ተሸንፎም እንኳን ደስ አላችሁ ይላል። ሽማግሌዎችህን እሑድ ላካቸው።»

እኔ ምን ልበል? ግዕዝ አሸነፈ።